አርባ ሜትር ርቆ የሚቆም አምበል

ኖቬምበር 4፣ ሰኞ

ይህን ደብተር የሰጠችኝ ዜንያ ናት። በሠላሳ አራት ዓመት ትዳር ውስጥ ከእጇ የተቀበልኩት ሁለተኛው ደብተር መሆኑ ነው፤ የመጀመሪያው የመኪናው ዘይት የተቀየረበት ቀን የሚመዘገብበት ነበር። "ቀልድህን እዚህ ላይ ጻፈው፣ እኔ ደክሞኛል" አለችኝ። ሚስት ለባሏ ተሰጥኦ እንዲህ ስታስብ ደስ ይላል። አመስግኜ ተቀበልኩ።

የምጽፈውም አላጣሁም። ዛሬ የከርሊንግ ቡድናችን አምበል ሆንኩ፤ ከባድ ድንጋይ በበረዶ ላይ አንሸራትቶ ወዲያኛው ጫፍ ባለ ክብ ውስጥ የማሳረፍ ጨዋታ ነው። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ድንጋዩ ርቆ እንዲሄድ ከፊት ከፊቱ እየሮጥኩ በረዶ ስጠርግ ኖሬ፣ በሃምሳ ዘጠኝ ዓመቴ ችሎታዬ ታየ። ሐሳቡን ያመጣው ራንዲ ነው። "ኦረስት፣ አንተ ዓይን አለህ። ከወዲያኛው ጫፍ ክቡ ውስጥ ቁምና ድንጋዩን የት እንደምንልከው ምራን" አለ። ኬልቪን ጣሪያ ጣሪያውን እያየ "አዎ፣ ዓይንስ አለው" አለ። አራተኛችን የኬልቪን አማች ነው፤ በሦስት ዓመት ውስጥ ከአፉ ከአስር ቃል በላይ አልሰማሁም። እሱም ተስማማ።

አምበል ማለት ሌሎቹ ከሚወረውሩበት አርባ ሜትር ርቆ ለብቻው የሚቆም፣ መጥረጊያውን ምልክት አድርጎ ተክሎ የሚጮህ ሰው ነው። ድምፅ ደግሞ አለኝ።

ኖቬምበር 9፣ ቅዳሜ

ዜንያ መኝታዋን ወደ ስፌት ክፍሏ አዛወረች። ፍራሹ ወገቤን ጎዳው አለች። በእኔ በኩል ያለው ፍራሽ ምንም አልሆነም። አንድ ፍራሽ ግማሹ ጤነኛ፣ ግማሹ ሰው ጎጂ ሲሆን ለተመራማሪ የሚነገር ነው። ይህንኑ ነገርኳት። አልሳቀችም። በጣም ቢያማት ነው።

ኖቬምበር 13

ሥራ ቦታ ጸጥ ብሏል። የእርሻ መሣሪያ መለዋወጫ መሸጥ ከጀመርኩ ሠላሳ ዓመት ሆነኝ። ድሮ ገበሬው ክርኑን ባንኮኒው ላይ አስደግፎ ስለ ዝናቡ ሳያማርር አንዲት ቀበቶ ገዝቶ አይሄድም ነበር። ዘንድሮ ሁሉም ይደውላል። ዛሬ አንዱ ከመደብሩ ደጃፍ መኪናው ውስጥ ቁጭ ብሎ ደወለልኝ፤ በመስኮት እየተያየን አወራን። ዕቃውን በራፉ ላይ እንዳስቀምጥለት ለመነኝ። ዘመናዊነት እኛ ካናዳ ገጠር፣ ሳስካችዋን ድረስ ገብቷል፣ እሰየው ነው።

ኖቬምበር 23፣ ቅዳሜ

አራተኛ ድላችን! በእኔ አምበልነት አንድም አልተሸነፍንም።

የተጋጣሚ አምበል ድንጋዩ ሲመጣ ከክቡ ኋላ፣ ከአጠገቤ ቆሞ መስመሩን ማየት አለበት። የዛሬው ሰውዬ እስከ ግድግዳው ድረስ ሸሽቶ፣ የሹራቡን አንገትጌ እስከ አፍንጫው ስቦ ቆመ። ከዚያ ሆኖ ምን ሊታየው? ክፉኛ ፈርቶኛል።

ከጨዋታ በኋላ አሸናፊ ተሸናፊውን ይጋብዛል፣ ስምንቱም በአንድ ጠረጴዛ ይቀመጣሉ። ደንብ ነው። ከቀኜ ባለው ወንበር ላይ የኮት ክምር ተቀመጠ። ከግራዬም ሌላ የኮት ክምር። ሰባቱ ሰዎች ከማዶ ተጣብበው፣ ትከሻ ለትከሻ ተላትመው ቢራቸውን ጠጡ። ኮቶቹ ጨዋዎች ናቸው፣ ሳያቋርጡ አዳመጡኝ።

ግሌን ፎርሳይዝ ከሌላ ጠረጴዛ ሆኖ ሲያየኝ ነበር። ግሌን የከተማችን ብቸኛ የጥርስ ሐኪም ነው። ከዛሬ አስራ አንድ ዓመት በፊት፣ በፍጻሜው ጨዋታ፣ መጥረጊያው ድንጋዩን ነክቶ ዝም ያለ ሰውም ነው። የሚንሸራተት ድንጋይ በመጥረጊያ መንካት ጥፋት ነው፤ በክለባችን ግን ዳኛ የለም። የነካ ሰው ራሱ እጁን አንስቶ "ነክቻለሁ" ይላል፤ ከአያቶቻችን ጀምሮ እንዲህ ነው። እሱ አላለም። እኔም ከዚያን ቀን ወዲህ አፌን ፊቱ ከፍቼ አላውቅም። ሌላ ሐኪም ሳስካቱን ከተማ አለ፤ ሁለት ሰዓት መንገድ ነው፣ በረዶው ሲለቅ እሄዳለሁ ብያለሁ። በረዶው ያው በየዓመቱ ይመጣል።

ለነገሩ ጥርሴ ደህና ነው። በግራ በኩል ብቻ ነው የማኝከው፤ ልማድ ነው።

ዲሴምበር 1

ልጃችን ታንያ ከካልጋሪ ደወለች። የምትወልደው ጃንዋሪ መጨረሻ ነው። ዜንያ ልታርሳት ትሄዳለች። "እስከ መቼ?" አልኩ። "እናያለን" አለች። የስፌት መኪናዋን ዘይት ቀብታ ሣጥኑ ውስጥ አስገባችው። "ሕፃን ለማጠብ የስፌት መኪና ያስፈልጋል እንዴ?" አልኳት። ክዳኑን ገጥማ ቆለፈችው።

ዲሴምበር 14

የክለቡ የስጦታ ልውውጥ። ማን ለማን እንደሰጠ አይታወቅም። ለእኔ የደረሰኝ አንድ ትልቅ ቆርቆሮ የሚንት ከረሜላ ነው። ባለፈው ሳምንት ባንኮኒዬ ላይ ባለቤት የሌለው የአፍ መጉመጥመጫ ተገኝቷል። ማክሰኞ በፖስታ ሳጥኔ ውስጥ የምላስ መፋቂያ። የከተማችን ሰው ለጋስ ነው። ሁሉንም መሳቢያ ውስጥ ከተትኳቸው።

ዲሴምበር 18፣ ረቡዕ

ጨዋታዎቻችን በኢንተርኔት ይተላለፋሉ። ከቤት መውጣት ላቃታቸው ሽማግሌዎች ተብሎ የተጀመረ ነው፤ ተጫዋቹ አንገትጌው ላይ ትንሽ ማይክሮፎን ይሰካል፣ ከዚያም መሰካቱን ይረሳል። ከእራት በኋላ ራሴን ላደንቅ ብዬ የቅዳሜውን ከፈትኩ።

ከውርወራ በፊት ሦስቱ በወዲያኛው ጫፍ ቆመው ያወራሉ።

ኬልቪን፣ "አርብ ዕለት በመኪናው መጣሁ። ከዜሮ በታች ሠላሳ ዲግሪ፣ መስኮቱን ከፍቼ። ጆሮዬ ሊወድቅ።"

ራንዲ፣ "ታዲያ ለምን አምበል ያደረግነው መሰለህ? አርባ ሜትር ነው። እዚያው ሆኖ ይጩህ።"

"እንዴት የሰው አፍ እንዲህ ይሆናል?"

"ክረምት የመኪናህ ማሞቂያ ውስጥ አይጥ ሞታብህ አታውቅም? ልክ እሱ ነው።"

ከዚያ የኬልቪን አማች፣ ያ ዝምተኛ፣ "ግን እያሸነፍን ነው። እሱ አጠገብ ቆሞ ማን ያስባል?" አለ። የሦስት ዓመት ድርሻውን በአንድ ጊዜ ጨረሰ።

ከኋላቸው፣ በሩቁ፣ ጣት የምታክል ነገር እጇን ዘርግታ ትጮሃለች። እኔ ነኝ። በጣም ኮርቼ ነበር፤ ከአቋቋሜ ያስታውቃል።

አራት ጊዜ መልሼ ሰማሁት። አፈርኩ። ሌላ ቃል ፈልጌለት አጣሁ። መዳፌ ላይ ተነፈስኩ፣ ምንም አልሸተተኝም። አንጓዬን ልሼ አሸተትኩ፣ ምንም። ለእኔ ብቻ ነው የማይሸተኝ። ዜንያ ከስፌት ክፍሉ ወጥታ "ምን ሆነሃል?" አለች። "ለራሴ ሰላምታ እየሰጠሁ ነው" አልኳት።

ከሁሉ የሚያቃጥለኝ ይኸው ነው። መጥረጊያው የድንጋይ ጠርዝ ቢነካ እጁን አንስቶ የሚናዘዝ ሰው ሁሉ፣ እኔን አንዲት ዓረፍተ ነገር ነፈገኝ። ሐቀኛ ሁላ።

ዲሴምበር 20

መሳቢያው ተከፈተ። ሰማያዊው መጉመጥመጫ ጠዋት፣ ቀትር፣ ማታ። ጉሮሮዬ ተቃጠለ። መለኪያዬ የመደብሩ ወለል ነው፤ ገበሬው ከባንኮኒው በስንት ንጣፍ ርቆ ይቆማል? ዛሬ ሦስት።

ዲሴምበር 22

የምላስ መፋቂያ። ሦስት ንጣፍ።

ዲሴምበር 27

ፓርስሊ በጥሬው፣ እንደ ጥንቸል። ሦስት።

ዲሴምበር 30

ከጤና መደብር የታዘዘ አረንጓዴ ጠብታ። ምላሴና ከንፈሬ አረንጓዴ ሆኑ። አራት ንጣፍ።

ጃንዋሪ 2

ሥጋ ተውኩ። ቡና ተውኩ። ሽንኩርት ተውኩ። የቀረኝ ውሃና ጠባይ ነው። ዜንያ ጠባይህንም ብትተው አትጎዳም አለች። ሦስት ንጣፍ።

ጃንዋሪ 6፣ ሰኞ

የገና ዋዜማ እራት በእኛ፣ በአያቶቻችን አገር አቆጣጠር። አስራ ሁለቱ የጾም ምግቦች፣ መጀመሪያ የሚቀመሰው ደግሞ በማር የተነከረ ነጭ ሽንኩርት። የዜንያ እህት ሳህኑን ስታዞር አልፈልግም አልኩ። ቤቱ በሙሉ ዞሮ አየኝ። አያቴ ከምሥራቅ አውሮፓ በመርከብ መጥቶ በሣር ቤት ከርሞ ነጭ ሽንኩርቱን ያልተወ ሰው ነው።

"ምነው?" አለች የዜንያ እህት።

"ሕዝቡን ልታደግ ብዬ" አልኳት። ጠረጴዛው ሳቀ።

ዕቃ ሳጥብ ዜንያ መጥታ ፎጣውን ያዘች። "ነጭ ሽንኩርቱ አይደለም፣ ኦረስት" አለች፣ ቀስ ብላ።

"ታዲያ ምንድን ነው? ትንቢቱን ተናገሪው።"

ሳህኑን አደረቀችና አስቀመጠችው። "ምንም" አለች።

ጃንዋሪ 11

ዜንያ የምትሄደው በሚቀጥለው ሳምንት እሑድ ነው። እህቷ በቫኗ ትወስዳታለች። እኔ ላድርስሽ አልኩ። "ሰባት ሰዓት መንገድ ነው፣ ወገቤ..." አለች። በእህቷ ቫን ውስጥ ወገቧ አይታመምም። የክረምት ልብሷን ሸከፈች። የበጋውንም።

በጋ ካልጋሪ ቶሎ ይገባል መሰለኝ።

ጃንዋሪ 18፣ ቅዳሜ

ፍጻሜ ደረስን፤ ተጋጣሚያችን ግሌን።

መጀመሪያ የተመለከትኩት ነገር ሰውዬው አለመሸሹን ነው። በዚህ ክረምት ከጎኔ በደንቡ ቦታ የቆመ አምበል እሱ ብቻ ነው። ስድስተኛው ዙር ላይ እኩል ነበርን። ኬልቪን ሊወረውር ጎንበስ ሲል ግሌን ዝግ ባለ ድምፅ፣ "ኦረስት፣ ልነግርህ የሚገባኝ ነገር ነበረ" አለኝ።

"ነክቻለሁ ልትል ከሆነ አስራ አንድ ዓመት ዘግይተሃል።"

"ስለ አፍህ ነው። ነጭ ሽንኩርት አይደለም፣ የምትጠጣውም ነገር አይደለም። ከቀኝ በታች በኩል ድሮ የሠራሁልህ ሰው ሠራሽ ጥርስ ስር መግል ይዟል። ሽታውን አውቀዋለሁ፣ እንጀራዬ ነው።"

"ለማሸነፍ ብለህ ነው።"

"ለማሸነፍ ብፈልግ እንደሌሎቹ ግድግዳው ጋ ሄጄ በሰላም አስብ ነበር። ሁለት ዓመት ሙሉ ዝም አልኩህ፣ ጥፋቴ እሱ ነው። መንጋጋህ ውስጥ ከገባ ሌላ ጉድ ነው። ሰኞ በጠዋት ና። አትከፍልም፣ አታመሰግንም፣ አታወራኝም። ብቻ ና።"

ድንጋዩ መጣ። ጥረጉ ማለት ሲገባኝ ተዉት አልኩ። ተሸነፍን። ደንቡ ደንብ ነውና ግሌን ጋበዘን፤ ኮቶቹን አንስቶ ከቀኜ ተቀመጠ። ሲያወራ ከኬልቪን ጋር ስለ ዓሣ ነው። ተነስቼ ወደ ቤት ሄድኩ።

ዜንያ ወጥ ቤት ለመንገድ ሳንድዊች ታዘጋጃለች። ኮቴን ሳላወልቅ ጀመርኩ። ከተማው በሙሉ ያውቃል፣ ባላንጣዬ እስኪነግረኝ ማንም አልነገረኝም፣ ሌላው ይቅር፣ አንቺስ? ሠላሳ አራት ዓመት አንድ አልጋ ላይ ተኝተሽ?

"ነግሬሃለሁ" አለች።

"መቼ?"

"ሠላሳኛ ዓመታችንን ስናከብር። የቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ ከመግባታችን በፊት፣ መኪና ውስጥ። ክንድህን ይዤ፣ ጥርስህን ብትታይ ጥሩ ነው፣ ጠረን አለው አልኩህ። ሁለት ቀን እንዴት እንደምለው ስለማመድ ነበር።"

"አላስታውስም።"

"ገባንና ብርጭቆህን ይዘህ ተነሳህ። 'ሚስቴን ከሠላሳ ዓመት በኋላ ዛሬ ገና ሸተትኳት፤ አፍንጫዋ ተመርቆ የተከፈተው ጠዋት ነው' አልክ። አንድ መቶ ሃያ ሰው ሳቀ። ራንዲ ከሳቁ ብዛት አለቀሰ። እኔም ሳቅሁ፣ ምን ላድርግ? ከዚያ በኋላ ማን ይንገርህ፣ ኦረስት? ማን ደፍሮ?"

ሳንድዊቹን በወረቀት ጠቀለለችና ወደ ስፌት ክፍሏ ገባች። እኔ ቀልዱን አስታወስኩት። ቃል በቃል። ጥሩ ቀልድ እንደነበረም አስታወስኩ። እሷ ምን ለብሳ እንደነበር ግን አላስታውስም። ሳቁ ሲቆም ፊቷን አላየሁትም፤ ጠረጴዛዎቹን ነበር የማየው።

ጃንዋሪ 19

ሄደች። ሣጥኑን ቫኑ ላይ የጫንኩት እኔ ነኝ፤ የስፌት መኪና ከባድ ነው። ጉንጬን በጓንቷ ነካችው።

ጃንዋሪ 20፣ ሰኞ

ሄድኩ። ግሌን ሰው ሠራሹን ሲያነሳው ረዳቱ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለች፤ ልምድ ያላት ሴት ናት። ጥርሱ ተነቀለ፣ መግሉ ታጠበ፣ መድኃኒት ታዘዘልኝ። ለአራት ዓመት የተሸከምኩትን ነገር በትንሽ ሳህን ላይ አሳየኝ። ያንን ነገር አፌ ውስጥ ይዤ ነው ሰው ሁሉ ላይ ስቀልድ የኖርኩት።

አፌ ውስጥ ሁለት እጅና አንድ ጉጠት ባለበት ሰዓት ግሌን፣ "ያን ቀን ድንጋዩን አልነካሁም። ዜንያ ከተመልካቾቹ መስታወት ኋላ ቆማ ታይ ነበር። ያኔውኑ ነግሬዋለሁ ብላኛለች" አለኝ። ጊዜውን አስቦ የመረጠው ይመስለኛል።

ነግራኛለች። ይኼንንም ነግራኛለች። "አንቺ ደግሞ መነጽርሽን አጽጂ" ብያት ነበር።

ጃንዋሪ 29፣ ረቡዕ

ዛሬ አንድ ሽማግሌ ገበሬ ባንኮኒው ላይ ክርኑን አስደግፎ ስለ በረዶው ግማሽ ሰዓት አማረረ። ንጣፍ ዜሮ። ልስመው ምንም አልቀረኝ።

ማታ ተጫወትን፣ ዘጠኝ ለሁለት ተሸነፍን። የተጋጣሚ አምበል አጠገቤ ተደላድሎ ቆሞ፣ በደንብ አስቦ፣ ልክ ልካችንን ነገረን። ጠረጴዛው ላይ ኬልቪን ጎኔ ተቀመጠ፣ ራንዲም ጠጋ አለ። የኬልቪን አማች ሲያየኝ ቆይቶ፣ "ጥርሱን መመለስ አይቻልም?" አለ። ሁሉም እኔን አዩ፣ እስክመልስ። አንድ ጥሩ ነገር ምላሴ ጫፍ ላይ መጥቶ ነበር። ቢራዬን ጠጣሁ።

ቤት ስገባ "ዜንያ፣ ዛሬ ምን ሆነ መሰለሽ" ብዬ በሩ ላይ ተናገርኩ። ማሞቂያው ብቻ ነው የሰማኝ።

ፌብሩዋሪ 2፣ እሑድ

ታንያ ሐሙስ ወለደች። ሴት ናት፣ ደህና ናቸው። ዛሬ ከቀትር በኋላ ደወልኩ። ከመደወሌ በፊት ሦስት ቀልድ በወረቀት ላይ አዘጋጅቼ ነበር፤ አንደኛው ስለ ሕፃኗ አፍንጫ ነው። ወረቀቱን ከስልኩ አጠገብ አስቀመጥኩት።

ዜንያ አነሳች።

"ጥርሱ ወጣ" አልኳት።

"ሰማሁ። ጥሩ አደረግክ።"

"አሁን አይሸትም። ግሌን አረጋግጧል።"

"ደስ ይላል።"

የአፍ ጠረን በስልክ አይሄድም። በመካከላችን ስድስት መቶ ኪሎ ሜትር አለ፣ ጥርሱም ከተነቀለ ሁለት ሳምንት ሊሞላው ነው። እሷ ግን ስፌት ክፍል ውስጥ ሆና በሩን እንደዘጋችው ያለ ዝምታ ነው ዝም ያለችኝ። ፍራሽ የለ፣ ወገብ የለ፣ ነጭ ሽንኩርት የለ። የቀረሁት እኔ ነኝ። ፈራሁ። ወረቀቱን አየሁት። ሦስተኛው ቀልድ በእርግጥ ያስቃት ነበር።

"ዜንያ፣ ያን ቀን አዳራሹ ውስጥ በሰው ፊት መሳቂያ ስላደረግኩሽ ይቅርታ አድርጊልኝ" አልኩ። እዚህ ሲጻፍ አጭር ነው።

ከወዲያ ሕፃኗ አለቀሰች። የእግር ኮቴ ተሰማ፣ በር ተዘጋ። "ምን አልከኝ? አልሰማሁህም" አለች።

ሰምታኝ ይሁን፣ በእውነት አምልጧት ይሁን አላውቅም። ደገምኩላት። ሁለተኛው ከመጀመሪያው ይከብዳል፤ በስህተት አፌ ላይ መጣ የሚባል አይደለምና።

ስትተነፍስ እሰማለሁ።

"መቼ ትመለሻለሽ?" አልኩ።

"አላውቅም፣ ኦረስት" አለች። "ነገም ደውል።"